ፍም በጣቱ ያነሳው መምህር

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሰው ቤት ስሠራ የፍም መቆንጠጫችን ከተሰበረ ወራት አልፈውት ነበር። ግዙልኝ ባልኩ ቁጥር መዳም «ኢንሻአላህ» ትለኛለች። እኔም ፍሙን በጣቴ ማንሳት ለመድኩ።

አንድ ቀን የዮጋ መምህሯን ጋበዘችና ሳሎኑ በእንግዳ ሞላ። ሰውየው የከሰል ምድጃ እንዳመጣ አዘዘኝና የጋመ ፍም በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ «ነፍሱ የበራለትን ሰው እሳት አይደፍረውም» አለ። መዳም እያለቀሰች እጁን ሳመችው። እኔም፣ ወላሂ፣ ለእናቴ ወገብ ዱዓ ላስደርገው አሰብኩ።

ፍሙን ሲመልስ ግን አመለጠውና ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ምንጣፉ መጨስ ጀመረ። እንግዳው ሁሉ ያያል እንጂ የሚነካ የለም። መምህሩም አንዴ ይበቃኛል ያለ ይመስለኛል፣ አልደገመውም። እኔ እንደለመድኩት በጣቴ አነሳሁና ምድጃው ውስጥ መለስኩት።

መምህሩ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «እህቴ፣ ያንቺ መምህር ማነው?» አለኝ በአክብሮት።

ወደ መዳም ዞርኩ። መጥታ እጄን ያዘች። የኔንም ልትስም ነው ብዬ አፈርኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው።

«ሙሚና» አለችኝ፣ «ከእንግዲህ ስለ መቆንጠጫ እንዳታነሺብኝ።»