የውሸት ማዕበል

የማተሚያ ማሽን ልጠግን አንድ የአየር ትንበያ ቢሮ ገባሁ። አንዲት ሴት በጠራራ ፀሐይ፣ እጅጌው የተጠቀለለ የወንድ የዝናብ ካፖርት ለብሳ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣለች። ገና ያልተሠራ ሳተላይት ይጠቅም እንደሆነ፣ ራሷ ኮምፒውተር ላይ በፈጠረችው ማዕበል እየሞከረች ነው አሉኝ ባልደረቦቿ። ሳተላይቱ ይለካዋል የተባለውን ቁጥር ግን ሆን ብላ በጥቂቱ ታዛባዋለች።

«ለምን?» አልኳት።

«የማይሳሳት መሣሪያ አይተህ ታውቃለህ፣ ወንድሜ?»

በተዛባው ቁጥር የተሠራው ትንበያ ሲወጣ እፎይ ብላ የካፖርቱን ቁልፎች ፈታች፤ ስልክም ደወለች።

«አባዬ፣ ያኔ ጀልባህን የገለበጠውን ማዕበል አስመስዬ ሠርቼው ነበር። በሳተላይቱ ቁጥር ሊነሳ ግማሽ ቀን ሲቀረው ታየ።»

ከወዲያ የሽማግሌ ሳቅ ተሰማ። «እንግዲያው ካፖርቴን መልሺልኝና ሐይቅ ልውረድ።»

«መጀመሪያ ሳተላይቱ ይሠራ» አለችና እየሳቀች ቁልፎቹን መልሳ ቆለፈች።