የእመት ወለቴ ቀብር

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የአንኮበርን ዳገት አሁንም ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ዛሬ ግን ምርኩዝ ይዤ ወጣሁ፤ ሞግዚቷን እመት ወለቴን ቀበርን።

ዕድሜ ልካቸውን የመኳንንቱን ልጆች ሲያሳድጉ ስለኖሩ፣ ልጅ መቼ እንደሚድህ፣ መቼ አፉን እንደሚፈታ ከወላጅ ይበልጥ ያውቁ ነበር።

አፉን ያልፈታውን የልጅ ልጄን ሰው «ዛር ይዞታል» ብሎ ሸሸው። (ዛር የኔን ቤት አይደፍርም!)

እሳቸው ግን ነጋሪት ሲጎሰም አዩት፤ ልጆቹ ሁሉ ሲደነግጡ እሱ ዞርም አላለ።

«አያ ደስታ፣ ጆሮው እንጂ ልቡ አልተደፈነም» አሉኝ። በእጅ ምልክት መነጋገርን ለሁለታችን አስተማሩን።

ዛሬ ከመቀበራቸው በፊት ልጁ ከአስከሬናቸው አጠገብ ቆሞ በእጁ «ተነሺ» አላቸው። የገባው ለእኔ ብቻ ነው። «ሞተዋል» የሚለውን ምልክት ግን አላስተማሩኝም።

መቃብራቸውን ራሴ አጥራለሁ፤ ተዝካራቸውን ራሴ አወጣለሁ፤ ልጁንም ራሴ አስረዳዋለሁ።

የማይሰማ ልጅ ያላችሁ፣ ሞትን በእጃችሁ እንዴት ነገራችሁት?