አጥር ላይ የተሰጣ ዘጠኝ ጨርቅ

የሺሐረግ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነበረች፤ የአቃቂ ሰው ግን ነጭ ጋዋኗን አይቶ «ሲስተር» አላት፣ በዚያው ጸና። ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለችው የፋብሪካ ክሊኒክ ብቻዋን ትሠራለች፤ ከጀርባዋ ባለችው አንዲት ክፍል ብቻዋን ታድራለች። የቆሰለውን አስራ፣ ምጥ የጠናባትን አረጋግታ ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። የሄደው ይዳን ይሙት፣ ተመልሶ የሚነግራት የለም። ክሊኒኩን ዘግታ ስትቀመጥ ታንጎራጉራለች፦

ባቡሩ ሲነፋ ሆዴ ባር ባር ይላል፣
የሄደውስ ሄደ፣ ቀሪው ምን ይባላል?

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ የጥቅምት ረፋድ፣ ጎረቤቷ እማማ ጠጄ እያለከለኩ መጡ። ምራታቸው ዳሲቱ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ባሏ ለሥራ ናዝሬት ወርዷል።

የሺሐረግ ስትደርስ ዳሲቱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አጥሚት ቀርቦላታል።

«አጥሚቱ ይቅር እማማ። ኦፕራሲዮን ካስፈለጋት ሆዷ ባዶ መሆን አለበት።»

«በምን ትጠና ታዲያ? አንቺ ወልደሽ አታውቂ!»

ቃሉ ወጋት፤ ዋጠችው። ዳሲቱን በጀርባዋ አስተኛች፣ እግሯን በትራስ ከፍ አደረገች፣ ብርድ ልብስ ደረበችላት። የእጇ ትርታ ቀጭንና ፈጣን ነው። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ስንት ጨርቅ አረጠበች?»

«ኧረ በማርያም! ይሄ ይጠየቃል? ደሟ ትንሽ ናት። ደግሞም ታጥቧል።»

ታጥቧል! ነውር እንዳይታይ ብለው ምስክሩን አጥበውታል። የሺሐረግ ወደ ጓሮ ወጣች። አጥሩ ላይ የተሰጣውን እርጥብ ጨርቅ አንድ ሁለት ብላ ቆጠረች። ዘጠኝ። መኪና ፍለጋ ሮጠች።

የፋብሪካው መኪና ደብረ ዘይት ሄዷል። አራት ጎረምሶች ዳሲቱን ከነአልጋዋ ተሸክመው ጣቢያው ሲደርሱ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው የዕቃ ባቡር ጡሩንባውን ነፋ።

«ይሄኛው እዚህ አይቆምም ሲስተር» አለ የጣቢያው ሹም ተክሌ። «ለሚኒስትር እንኳ አላቆምኩም!»

«ዘጠኝ ጨርቅ ሙሉ ደም ፈሷታል!» ብላ ጮኸች።

ጣቢያው ሁሉ ሰማ። ተሸካሚዎቹ አቀረቀሩ። እማማ ጠጄ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ዳሲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሆ! ይሄ ለወንድ ይነገራል?» አለ ተክሌ። ፊቱን አዞረና ቀዩን ባንዲራ አነሳ። ባቡሩ ብረት በብረት እየተፋጨ ቆመ።

የሺሐረግ ያየችውን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ብርድ ልብሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ክሊኒኩን ጥላ መሄድ አትችልም። እማማ ጠጄ አብረው ተሳፈሩ፤ እሷ ቀረች።

በሦስተኛው ሳምንት ዳሲቱ ከመንገደኛው ባቡር ወረደች። የሺሐረግ ከክሊኒኩ በር አየቻት። ከላከቻቸው ሁሉ መትረፏን በዓይኗ ያየችላት የመጀመሪያዋ ናት። ልታቅፋት ሮጥ አለች።

ዳሲቱ አንገቷን ደፋች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ሐዲዱን ተሻገረች። ገመናዋን በአደባባይ ያወጣችባትን ሴት በምን ዓይኗ ትያት?

የሺሐረግ ባለችበት ቆመች። ነጠላው ሳይሸፍነው በፊት የዳሲቱን ከንፈር አይታዋለች፤ ደም መልሷል። እርምጃዋም የጤነኛ ሰው ነው።

«ተረፍሽ» አለች፣ ከራሷ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። ዳሲቱ ከቤቶቹ ጀርባ እስክትሰወር ድረስም ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።