ሰላምታህ ካጠረ ማርሽህ ከብዷል

ውሸት ነው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። ወንድሟ ያንኑ ደገመልኝ። ሲስተር ዘይነባ ሌሊት በድንገት ታማ፣ ሳይነጋ አርፋለች። ቀብሯ ዛሬውኑ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ቁይ።

ሐሙስ እኮ አብረን ነበርን! የብስክሌቴን ካቴና እያየች "ምነው፣ ዘይት ተወደደብህ?" ብላ ስትስቅብኝ ነበር።

ለማታውቋት፣ ዘይነባ የቁይ ነጋዴ ልጅ ናት። ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ አብረን የሠራን ነርስ ናት። ብስክሌት መንዳት ድሮም እችል ነበር፤ እሷ ያስተማረችኝ እግሬን ልክ ማስያዝ ነው።

መለኪያዋ ሰላምታ ነበር። እኛ አገር መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ዳገት ላይ ያን ሁሉ ሳታለከልክ ጠይቀህ ካለፍክ የፔዳል አዟዟርህ ልክ ነው። ካቃተህ "ሰላምታህ ካጠረ ማርሽህ ከብዷል" ትልሃለች።

አንድ ቀን ሮብ ገበያ ላይ ያበደ ውሻ አንዲት ትንሽ ልጅ ነከሰ። ክትባቱ ያለው ማርቆስ ከተማ ነው፤ መኪና ደግሞ የለም። ሁለታችን በብስክሌት ወርደን፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ይዘነው ተመለስን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በረዶው ካለቀ ክትባቱ ይበላሻል። እኔ ከባዱን ማርሽ አስገብቼ ዳገቱን እረግጠዋለሁ። መንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ አዛውንት "እንዴት ዋላችሁ?" ቢሉን ቃል ከአፌ አልወጣም። እሷ ከኋላዬ፣

"ደህና ዋሉ አባባ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ? ገብሱስ እንዴት ነው?"

"ሲስተር፣ በረዶው እየቀለጠ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩባት።

"አውቃለሁ። አንተ ግን ቀድመኸው ልትቀልጥ ነው። ማርሽ ቀንስና ቶሎ ቶሎ አዙር።"

ተናድጄ ቀነስኩ። እግሬ ቀለለኝ፣ ትንፋሼም ተመለሰ። ሳጥኑን ስንከፍተው አውራ ጣት የምታህል በረዶ ቀርታ ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ዛሬ ጠዋትም መኪና ጠፋ። ብስክሌቴን አውጥቼ ከማርቆስ ወደ ቁይ ከነፍኩ። ሙስሊም ቀብር አያቆይም፤ ካልደረስኩ እድሜ ልኬን ይቆጨኛል። እንደ እብድ ስረግጥ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ፀሐዩን አየሁ። አንድ ገበሬ "እንዴት አደርክ?" አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም።

ያኔ እሷ ትዝ አለችኝ። ማርሹን ቀነስኩ።

ሰላምታዬ ተመለሰልኝ። ችግሩ ግን ዘይነባ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቿ የምትመላለሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ አብረንም ብዙ ጊዜ ሄደንበታል። ያገኘኝ ሁሉ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ተጠያይቀን ስንጨርስ "ሲስተርስ? ደህና ናት?" ይለኛል።

ለመጀመሪያው ሰውዬ ነገርኩት። እጁን አናቱ ላይ ጭኖ መንገዱ መሀል ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ለማንም መንገር አልቻልኩም። "እሷ ጋ እየሄድኩ ነው" እያልኩ አለፍኩ።

ደረስኩ። ጀናዛው ከግቢ ሲወጣ ነበር። ብስክሌቴን አጥሩ ላይ ጥዬ ትከሻዬን ሰጠሁ።

ዘይኑዬ፣ አንቺ እንዳልሽው አዙሬ ነው የደረስኩት። የመንገድሽ ሰዎች ደህና ናቸው፤ ልጆቹም፣ ከብቱም፣ አዝመራውም ደህና ነው። ሁሉም አንቺን ጠይቀዋል። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ፣ እህቴ። አሁን "ደህና ሁኚ" ልልሽ ስል ግን ትንፋሽ አጠረኝ። ይሄኛውን ዳገት በየትኛው ማርሽ ልውጣው?