አባቴ የቆሙባት ፎቶ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ተከብሮ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እዚሁ ላሊበላ ነው። ያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ሁለት ብቻ ነበር፤ እነሱም መብራት ሲኖር። ገና በመጣ ቁጥር፣ ጎብኚዎቹ ካሜራቸውን ሲያነሡ ሳይ ትዝ ይለኛል። ብረሳው በወደድኩ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። አንድ ክረምት ከገነተ ማርያም በበቅሎ ሲመለሱ የመንገድ ሥራ ድርጅት ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከገደሉ ጥግ አጣበቃቸው። በቅሎዋ እዚያው ሞተች። እሳቸው ወገባቸው ተሰበረ። የሐኪሙ ማስረጃ ያለ ሰው ድጋፍ መቆም እንደማይችሉ፣ አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ቢያገኙ ግን ተስፋ እንዳላቸው ይናገራል። እሱ ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ያሳክማቸው ብለን ከሰስን። ክሱን የጻፈልን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው። ጠበቃ የምናቆምበት አልነበረንም።

ድርጅቱ ከደሴ ጠበቃ አስመጣ። ላፕቶፑን በትከሻው አንጠልጥሎ ነው የመጣው። እኛ ሰፈር ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሁሉ ደግ ይመስለን ነበር፤ ወይ እርዳታ ይዞ የመጣ ነው፣ ወይ ጎብኚ። አባቴን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቃሬዛ ላይ እንደተኙ ሲያይ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ።

«አይዞዎት አባ፣ ማርያም ትማርዎት» አላቸው። አባቴም አገላብጠው መረቁት። ያቺ ምርቃት እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ችሎት ስንገባ ጠበቃው አንድ ፎቶ አወጣ። አንድ ቅጂ ለዳኛው፣ አንድ ለእኛ ሰጠ። አንድ ጎብኚ ኢንተርኔት ላይ ያወጣው መሆኑን አስረዳ። ፎቶው ላይ አባቴ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከካህናቱ መሀል ቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ድንጋይ ላይ ቆመዋል። አፋቸው ተከፍቶ ያዜማሉ። መኪናው ከመታቸው በኋላ የነበረው ገና ነው።

የዚያን ቀን እኔም ነበርኩ። አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ገና የ«ቤዛ ኩሉ» ዜማ ቀርቶባቸው አያውቅም። በቃሬዛ አውጥተናቸው፣ ሁለት ባልንጀሮቻቸው ቄሶች ከግራና ከቀኝ በካባቸው ውስጥ ወገባቸውን ይዘው አቆሟቸው። የቄሶቹ እጅ ከውጭ አይታይም። ዜማው ሲያልቅ አባቴ እያለቀሱ «ማርያም አቆመችኝ» አሉ፤ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እገሌና እገሌ ናቸው የያዟቸው ብሎ ያነሣ ሰው የለም። ነውር ነበር።

ጠበቃው በትሕትና ጠየቃቸው።

«አባ፣ እዚህ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ቆመዋል?»

«ቆሜያለሁ። ክብር ለእመቤቴ።»

«ታዲያ የደገፈዎት ሰው ነበር?»

እኔ ከኋላ ሆኜ «አባ፣ ኧረ ይናገሩ» አልኩ። ፖሊሱ ዝም በይ አለኝ። አባቴ ፎቶውን ተቀብለው አዩት፣ ሳሙትም።

«ሰውማ አይደለም ጌታዬ» አሉ ወደ ዳኛው ዞረው። «ያቆመችኝ ማርያም ናት። የእሷን ሥራ ለሰው ብሰጥ ነገ በምን አፌ ስሟን እጠራለሁ?»

ጠበቃው ተቀመጠ። ሌላ የሚጠይቀው አልነበረውም። ይዘዋቸው የነበሩት ቄሶች ይመስክሩ ብለን ብንለምን፣ ከሳሹ በራሳቸው አንደበት ያመኑትን ምስክር አያፈርሰውም ተባልን። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ስንወጣ ጠበቃው አጠገቤ መጣ። ደስታው አላስቀምጥ ብሎታል። «እህቴ፣ ኢንተርኔት ማለት ይሄ ነው» አለኝ። «ስማቸውን አይደለም የፈለግሁት፣ የላሊበላን ገና ነው። ቄስ ከሆኑ ከዚያ አይጠፉም ብዬ። ከደሴ ሳልነሣ፣ በአንድ ከሰዓት።» እንደ ትልቅ ጥበብ ነበር የሚያወራልኝ፤ እንዳደንቀው ሳይጠብቅ አልቀረም።

በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ ቅጂው ላይ በታተመው አድራሻ የጎብኚውን ገጽ አስከፈትኩ። የቤቱ ባለቤት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፍልኝ ጀመር። አባቴ የቆሙባት ከመምጣቷ በፊት ሌላ ፎቶ መጣ። እኔና ወንድሜ ከሌሎች ጋር ቃሬዛውን ተሸክመን ወደ ድንጋዩ ስንወጣ ነው። አባቴ ተኝተው ፊታቸው ወደ ሰማይ ነው። ቀጥሎ የቆሙባት መጣች። ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ሁለቱ ቄሶች እንደ ሕፃን አቅፈው ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟቸው። የቆሙባትን ለማግኘት የተኙባትን ማለፍ ግድ ነበር።

ጠበቃው ለክሳችን የሰጠው የመልስ ወረቀት ግርጌ ስልኩ ስለነበር ደወልኩለት። ያየሁትን ነገርኩት። ይክዳል ብዬ ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለኝ። «እኔ የድርጅቱ ጠበቃ ነኝ እንጂ የአባትሽ አይደለሁም። እሱን ማምጣት የእናንተ ፋንታ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «አባ እንዴት ናቸው?» አለ። ዘጋሁበት።

አባቴን ይግባኝ እንበል ብዬ ለመንኳቸው። «ማርያምን በፍርድ ቤት አልክዳትም፣ አትድከሚ ልጄ» አሉኝ። ይልቅ ጠበቃው የሰጠንን ቅጂ ከማርያም ሥዕል አጠገብ እንድሰቅልላቸው አዘዙኝ። አልጋቸው ላይ ሆነው ፎቶዋን ሲያዩ ይውሉ ነበር። አንዳንዴም ከንፈራቸው ያዜም ነበር። ለሚቀጥለው ገና አልደረሱም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። የቄስ ልጅ ነኝና አላጣሁትም። ሆኖም በየገናው ቂሜን ይዤ ነው ከድንጋዩ ሥር የምቆመው፤ ያንን ሰው ይቅር ማለት አልሆነልኝም።

ፎቶዋ ግን ዛሬም ግድግዳው ላይ ናት። አቧራዋን የምጠርግላት እኔ ነኝ። ቀድጄ እሳት ውስጥ ልጨምራት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አልቻልኩም፤ አባቴ ቆመው ያሉባት ሌላ ፎቶ የለንም።