አባቴ የተወው ቅኝት

ትናንት ጫማ ሰፊው ዘንድ ወረፋ ስጠብቅ ፀሐይ ያሞቀው ቆዳ ሸተተኝና ያ የካርቱም ጉዞ ትዝ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ይደክመኛል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር፣ ለቤት ሠራተኝነት ስሄድ የሟቹን አባቴን ማሲንቆ ይዣለሁ፤ እዚያው ከተማ ዴም ሰፈር ለሚኖረው አጎቴ ላደርስለት። አጎቴ ለወንድሙ ቀብር አልደረሰም። በስልክ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ወላሂ መቃኛውን እንዳትነኪው። እሱ እንደቃኘው ልስማው።»

አውሮፕላኑ ግማሽ ቀን ዘገየ። መሬት ባስቀምጠው ይረግጡብኛል ብዬ፣ በሻርፔ ጠቅልዬ እንደታቀፍኩት ዋልኩ፤ ክንዴ ደነዘዘ። ስንሳፈር አስተናጋጇ ከላይ ከሻንጣዎቹ ጋር ካልገባ አለች። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ደግሞ፣ ክራር እመታለሁ ባይ፣ «ጭራውን ላላ አድርጊው እንጂ! እንደተወጠረ ከተጫነው ቆዳው ይቀደዳል» አለኝ። ፈራሁ። የተቀደደ ማሲንቆ ይዤ አጎቴ ፊት ልቆም? መቃኛውን አዞርኩት። ጭራው ልፍስፍስ አለ።

ዴም ስደርስ አጎቴ ተላጭቶ፣ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ይጠብቀኝ ነበር። «ያላ፣ ስጪኝ» አለ። ጭራውን በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። የሆነውን ነገርኩት።

«ማሌሽ፣ ልጄ። ግድ የለም፣ ማሌሽ» አለኝ ለራሱም ለእኔም። ከዚያ ደጋኑን አነሳ። «አንቺ አብረሽው ኖረሻል። ስደርስበት ንገሪኝ።»

መቃኛውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቀ ደጋኑን ይስባል፣ ዐይኔን ያያል። «እዚህ ነው? ትንሽ ከፍ ይበል?» እኔ ምን አውቃለሁ! አባቴ ሲመታ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር እንጂ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ደግሞ እግሬ አብጧል፣ የምፈልገው መተኛት ብቻ ነው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኩት።

አጎቴ ዐይኑን ጨፈነ። «አወቅሁት» አለና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ የካርቱም ሙቀት ጭራውን ባላላው ቁጥር፣ ዓርብ ዕረፍቴን ጠብቆ ከካፉሪ ያስጠራኛል። እያንቀላፋሁ እሰማለሁ፤ እሱ ነው እላለሁ። እስኪሞት ድረስ እንዲህ አልኩት። አሁን አባቴን ላስታውስ ስል ጆሮዬ ላይ የሚመጣው እኔው የዋሸሁት ድምፅ ነው፤ ሌላ የለኝም።