ባለቤቴ ይዞት የሞተው ጥፋት

ነገሩ የሆነው አስመራ ውስጥ፣ ነፃነት በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰው ያንን ጊዜ ሲያነሣ ፊቱ ይፈካል። እኔ የማስታውሰው እጄ ላይ የቀዘቀዘውን ልጄንና ከዚያ ቀን በኋላ ራሱን ይቅር ሳይል የሞተውን ባለቤቴን ሃብቶምን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ስለሆነ የምጽፈውም በአማርኛ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ እተወዋለሁ።

የምንኖረው ጎዳይፍ ሰፈር ነበር። ሃብቶም ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እኔ ከልጅነቴ ወፍራም ነኝ፤ ሳረግዝ ደግሞ ባሰብኝ። ከተማዋ ተከብባ እህል የጠፋበት ጊዜ ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበርና ወፍራም እርጉዝ ማየት ሁሉንም ደስ ያሰኝ ነበር። ጎረቤታችን አበባ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር፣ «አንቺ ተሳፍረሽ አውቶቡሱ ዳገቱን አይወጣም፣ ለምለም፤ በእግርሽ ሂጂ» ትለኛለች። አብረን እንስቃለን።

በእርግዝናዬ ስድስተኛ ወር ላይ ውኃ ጥም ያዘኝ። ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። ሰውነቴ ይዝላል፤ ሽንት በየደቂቃው ያስነሣኛል። አማቴ አደይ ለተብርሃን፣ «የሚጠማው ልጁ ነው። ስተዪ ጓለይ፣ ጠጪ ልጄ» እያሉ ተልባ በማር በጥብጠው ይሰጡኝ ነበር። ተልባው ምጡን ያቀላል ይባላል። ሃብቶም ደግሞ ከሥራ ሲመለስ ፌርማታው አጠገብ ካለው ባር ቀዝቃዛ አራንቻታ፣ የብርቱካን ለስላሳ፣ ይዞልኝ ይገባል። እስክጨርሰው ቆሞ ያየኛል።

አንድ ጠዋት አደይ ለተብርሃን ፖፖዬን ሊደፉ ሲሄዱ ጉንዳን ወሮት አገኙ። ሃብቶም ደነገጠ።

«ሐኪም ብናሳያትስ?» አላቸው።

«ኣይፋል» አሉ፣ በጭራሽ ማለታቸው ነው። «ጉንዳን የሚመጣው በረከት ያለበት ቤት ነው። ጤነኛ እርጉዝ ሐኪም ቤት ወስደህ ልታሟርትባት ነው? ጣፋጭ ልጅ ነው የያዘችው።»

እሱም እናቱን አመነ። እኔም ደስ አለኝ።

ምጡ ግን በተልባ አልቀለለም። ልጁ አልወጣ ብሎ ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ በብዙ መከራ ተወለደ። አዋላጇ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ «ይሄማ ክርስትና የተነሣ ይመስላል» አለች። አደይ ለተብርሃን በር ላይ ሆነው እልል አሉ። ጉንጩ ሙሉ፣ ክንዱ ድርብርብ ያለ ወንድ ልጅ ነበር።

ጡት ሳቀርብለት አልያዘም። እጆቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ከዚያ ዝም አለ፤ የተኛ መስሎኝ አቀፍኩት። ሐኪሙ ተጠርቶ እስኪመጣ አለፈ።

«ስኳር ወርዶበት ነው» አለ ሐኪሙ። «ጣፋጭ ነገር ታበዢ ነበር?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ሃብቶም፣ «እኔ ነኝ የማመጣላት» አለ።

ሐኪሙ ካርዴ ላይ ጽፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሃብቶም ሻሂ ያለ ስኳር ነበር የሚጠጣው። በዚያ ባር በኩል ላለማለፍ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል። እግዚአብሔር ሌላ ልጅ አልሰጠንም። ስለ ልጃችን የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ውኃ ብቻ ብሰጥሽ ኖሮ» አለኝ። «እግዚአብሔር ነው የወሰደው» አልኩት። «ከእኔ እጅ ነው የወሰደው» አለና ወጣ።

ባለፈው ዓመት ልቡን ታሞ ሞተ።

ከተቀበረ በኋላ እኔም ታመምኩ። ስኳር በሽታ ነው ተባልኩ። የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ወልጄ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት።

«ሰውነትዎ ከባድ ስለነበር ኢንሱሊንዎ በደንብ አይሠራም ነበር» አለችኝ። «ኢንሱሊን ማለት ስኳሩን ከደም የሚያነሣው ነው። እርግዝናው ሲጨመርበት ከእንግዴ ልጁ የሚወጣው ነገር ጭራሽ አዳከመው። ስኳሩ ወደ ልጁ አለፈ፤ ልጁም ወፈረ፤ ያንን ለመቋቋም የራሱን ኢንሱሊን አበዛ። እትብቱ ሲቆረጥ ከእርስዎ የሚመጣው ስኳር ቆመ፤ የእሱ ኢንሱሊን ግን ሥራውን ቀጥሎ ስኳሩን አወረደበት።»

«አራንቻታውስ?»

«አባብሶት ይሆናል እንጂ አላመጣውም። ጥማቱም፣ ሽንትዎ ውስጥ ባለው ስኳር የመጣው ጉንዳንም የሕመሙ ምልክት ነበሩ። ባለቤትዎ መጠጡን ሲያመጡልዎ እርስዎ ታመው ነበር። በጊዜው ቢመረመሩ ይታወቅ ነበር።»

የቐንየለይ ብዬ አመስግኜያት ወጣሁ። አውቶቡስ ስጠብቅ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አደይ ለተብርሃን ከእኔ ጋር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ሐኪሟ ያለችኝን ስነግራቸው፣ «ይህን ለልጄ ማን ይንገርልኝ?» አሉ።

ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ድሮ የማለቅሰው ለልጄ ነበር። አሁን በማያውቀው ነገር ራሱን ሲቀጣ ለኖረው ሰው ጭምር አለቅሳለሁ። አብሬው ስበላ፣ አብሬው ስተኛ ኖሬ፣ ያንን ሸክም የሚያወርድለት ቃል አልነበረኝም። አሁን ቃሉ አለኝ፤ የሚሰማኝ የለም።